ሃያ ሁለት ፊደላት፦ ጥቃቅን አር ኤን ኤዎችና ካንሰር የተገናኙበት ታሪክ

ከ1891 እስከ 1914፦ ከሐረር የወጣው ሕመምተኛ

መጋቢት 30 ቀን 1883 ዓ.ም. አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ በቃሬዛ ይዘው ከሐረር ወጡ። ሰውየው አርተር ራምቦ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1880 መጨረሻ (ከዚህ ወዲያ ዓመታቱ፣ ‹ዓ.ም.› ካልተባለ በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ከተማዋ ሲመጣ፣ ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረው የባርዴ የንግድ ድርጅት ቢሮውን የከፈተው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ በነበረው የራውፍ ፓሻ ቤት ውስጥ ነበር። ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ እየገዛ ወደ ዓደን ይልክ ነበር። በ1891 መጀመሪያ ላይ ግን ቀኝ ጉልበቱ አብጦ እንቅልፍ ነሳው። የደም ሥር እብጠት ስለመሰለው እናቱ ለእግሩ ጠበቅ ያለ ካልሲ እንድትልክለት ጻፈላት። እግሩ አልታጠፍ ሲለው አልጋውን መስኮት አጠገብ አዘርግቶ፣ ግቢ ውስጥ የሚመዘነውን ዕቃ ከተኛበት ሆኖ ይቆጣጠር ጀመር።

ዘይላ ለመድረስ 12 ቀን ገደማ ፈጀበት። መንገድ ላይ ያለ መጠለያ ዝናብ ወረደበት። ማርሴይ ሲደርስ ሐኪሞች እግሩን ቆረጡት፤ በሽታው ግን ቀድሞ ተሠራጭቶ ነበርና በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። የዛሬ ሐኪሞች ደብዳቤዎቹን አንብበው የአጥንት ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

እህቱ ቪታሊም በ1875፣ ገና በ17 ዓመቷ፣ በመገጣጠሚያ እብጠት ሞታለች። የእሷ የቲቢ ዓይነት ነው ተብሎ ነበር፤ የሁለቱ በሽታ አንድ ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። ይሁንና ሁለት ልጆቿን በመገጣጠሚያ ሕመም ያጣች እናት ‹በዘር የመጣብን ነው ወይ?› ብላ ብትጠይቅ፣ በዚያ ዘመን መልስ የሚሰጣት ሐኪም አልነበረም።

ጥያቄው ግን በሌሎች ቤቶችም ይነሣ ነበር። በ1895 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ አልድረድ ዋርቲን የተባለ ሐኪም አንዲት ልብስ ሰፊ አገኘ። ቤተሰቧ በካንሰር እያለቀ መሆኑን፣ እሷም በዚያው እንደምትሞት ነገረችው። እንዳለችውም የማህፀን ካንሰር ገደላት። ዋርቲን የቤተሰቧን የዘር ሐረግ ሰብስቦ በ1913 አሳተመ። በዓመቱ ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቬሪ በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ካደረገው ምርምር ተነሥቶ ካንሰር የሚጀምረው በሴል ውስጥ ያሉ ክሮሞዞሞች ሲዛቡ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። እድገትን የሚገታው የክሮሞዞም ክፍል ሲጠፋ ሴሉ ያለ ልጓም ይባዛል ብሎ ገመተ። ልጓሙ ምን እንደሆነ ግን እሱም አላየውም።

ከ1960ዎቹ እስከ 1993፦ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ትል

የዲ ኤን ኤ ቅርጽ በ1953 ከታወቀ በኋላ አንድ አስተሳሰብ ሥር ሰደደ። ጂን በዲ ኤን ኤ ላይ ይጻፋል፤ አር ኤን ኤ መልእክቱን ይሸከማል፤ ፕሮቲን ሥራውን ይሠራል። አር ኤን ኤ እንግዲህ መልእክተኛ ብቻ ነበር። የካንሰር ተመራማሪዎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት የፈለጉት ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖችን ብቻ ነው። ፍለጋው ፍሬ አላጣም፤ በ1980ዎቹ እድገትን የሚገፋፋው ‹ራስ› የተባለው የጂን ቤተሰብና እድገትን የሚገታው ፒ53 በካንሰር ውስጥ ያላቸው ድርሻ ታወቀ። የሰው ዲ ኤን ኤ አብዛኛው ክፍል ግን ፕሮቲን አይሠራም። ያ ክፍል ‹ትርፍ› ተብሎ ተተወ።

መልሱ የመጣው ካንሰርን ጨርሶ ከማይመለከት ቤተ ሙከራ ነው። ሲድኒ ብረነር በ1960ዎቹ ካምብሪጅ ላይ ‹ሲ ኤለጋንስ› የተባለችውን የአፈር ትል ለምርምር መረጠ። ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሰውነቷ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አዋቂዋ በትክክል 959 የአካል ሴሎች ያሏት ናት። እያንዳንዱ ሴል መቼ እንደሚከፈል በማይክሮስኮፕ መቁጠር ይቻላል። ይህች ትል የሴል እድገት ሲዛባ የሚታይባት መስኮት ሆነች።

ከተዛቡት መካከል ‹ሊን-4› የተባለ ጂኗ የተበላሸባት አንዷ ነበረች። የሕፃንነት ደረጃዋን ደጋግማ ትኖራለች፤ ሴሎቿ ማቆም ባለባቸው ጊዜ እንደገና ይከፈላሉ፤ እንቁላል የሚወጣበት ክፍል ስለማይሠራላትም እንቁላሎቿ ሆዷ ውስጥ ይከማቻሉ። ‹ሊን-14› የተባለው ጂን የተበላሸባት ደግሞ ተቃራኒውን ታደርጋለች፤ ደረጃ ትዘላለች። ሁለቱን ጂኖች የተከፋፈሉት በሮበርት ሆርቪትዝ ቤተ ሙከራ አብረው የሠሩ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ቪክተር አምብሮስ ሊን-4ን ይዞ ሃርቫርድ ገባ፤ ጌሪ ራቭከን ሊን-14ን ይዞ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሄደ።

አምብሮስ፣ ባለቤቱ ሮዛሊንድ ሊ እና ሮንዳ ፋይንባም ሊን-4ን ለማግኘት ዓመታት ፈጀባቸው። የዲ ኤን ኤ ቁራጩን እየቆራረሱ ሲያሳጥሩት ጂኑ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ፕሮቲን ሊሠራ የማይችል ሆኖ ቀረ። የሊን-4 ምርት 22 ፊደል ብቻ ያላት የአር ኤን ኤ ቁራጭ ነበረች። በጁን 1992 አምብሮስና ራቭከን የየራሳቸውን ፊደላት ተለዋውጠው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። የሊን-4 ፊደላት በሊን-14 መልእክት ጅራት ላይ ካሉ ተደጋጋሚ ቦታዎች ጋር ገጠሙ። ትንሿ አር ኤን ኤ መልእክቱ ላይ ትለጠፍና ፕሮቲኑ እንዳይሠራ ታግዳለች ማለት ነው።

ሁለቱ ጽሑፎች በዲሴምበር 1993 ‹ሴል› መጽሔት ላይ ጎን ለጎን ታተሙ። ዓለም ግን ብዙም አልደነቀውም። የትል ጉዳይ ነው ተብሎ ታለፈ።

ከ2000 እስከ 2001፦ ከትል ወደ ሰው

ሰባት ዓመት አለፈ። በ2000 የራቭከን ቡድን ‹ሌት-7› የምትባል ሁለተኛ ትንሽ አር ኤን ኤ አገኘ፤ 21 ፊደል ናት። ይህችኛዋ የትል ብቻ አልነበረችም። በዚያው ዓመት ኤሚ ፓስኳኔሊና ባልደረቦቿ የብዙ እንስሳትን ናሙና ሲመረምሩ ሌት-7ን በዝንብ፣ በባሕር ጃርት፣ በዶሮና በሰው ውስጥ አገኟት። ዝግመተ ለውጥ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ አንዲት ፊደል ሳይነካባት አሳልፏታል። ይህን ያህል ጊዜ የተጠበቀ ነገር ሥራ አለው።

በ2001 መጸው ሦስት ቤተ ሙከራዎች በአንድ የ‹ሳይንስ› መጽሔት እትም ላይ እንዲህ ያሉ ቁራጮች በደርዘኖች መኖራቸውን ዘገቡ። ‹ማይክሮ አር ኤን ኤ› የሚለው ስም የጸናው በዚያን ጊዜ ነው።

አሠራራቸውም ቀስ በቀስ ተገለጠ። ጂኑ መጀመሪያ እንደ ረጅም አር ኤን ኤ ክር ይወጣል፤ ክሩ ለሁለት ታጥፎ ራሱ ከራሱ ጋር ይጣበቃል። ‹ድሮሻ› የተባለ ፕሮቲን በሴሉ ኒውክለስ ውስጥ አንድ ጊዜ ይቆርጠዋል፤ ከኒውክለስ ሲወጣ ‹ዳይሰር› የተባለው ሁለተኛ ጊዜ ይቆርጠዋል። የቀረችው 22 ፊደል ገደማ ያላት ቁራጭ ‹አርጎኖት› በሚባል ፕሮቲን ውስጥ ትገባና የምትመጥናትን መልእክት ትፈልጋለች። መልእክቱን የምትለየው በዋናነት ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ባሉት ፊደሎቿ ነው። ሰባት ፊደል! ከእነዚህ አንዷ ብትቀየር የምትገታው መልእክት ሌላ ይሆናል። የታጠፈው ክር ላይ ያለች ፊደል ብትቀየር ደግሞ ድሮሻና ዳይሰር በሚገባ ላይቆርጡት ይችላሉ፤ ልጓሙ ይላላል። አንዲት ማይክሮ አር ኤን ኤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክቶችን ስለምትቆጣጠር፣ በሷ ላይ የሚደርስ ጥቂት ስሕተት በሴሉ ውስጥ በሰፊው ይሠራጫል።

ከ2002 እስከ 2005፦ አሥራ ሦስተኛው ክሮሞዞም

ካርሎ ክሮቼ የካንሰር ክሮሞዞሞችን ሲያጠና የኖረ ጣሊያናዊ ሳይንቲስት ነው፤ በፊላደልፊያው ቶማስ ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። በአዋቂዎች ላይ በሚታየው ‹ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ› በተባለው የደም ካንሰር ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት የ13ኛው ክሮሞዞም አንድ ቁራጭ ይጠፋል። እዚያ ቁራጭ ላይ ካንሰርን የሚገታ ጂን መኖር አለበት። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ከአሥር ዓመት በላይ ፈለጉት። በአካባቢው ያለውን ፕሮቲን ሠሪ ጂን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሹ፤ አንዱም ተጠያቂ ሆኖ አልተገኘም።

ሮማኒያዊው ጆርጅ ካሊን የክሮቼን ቤተ ሙከራ ተቀላቀለና ፍለጋውን ቀጠለ። የሁሉም ታማሚዎች ቁራጭ የሚጋራውን ትንሹን ክልል ለይተው ሲመለከቱት ፕሮቲን የሚሠራ ነገር የለበትም። ያለበት ሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤ ነበር፦ ሚር-15ኤ እና ሚር-16-1። ከታማሚዎቹ 68 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ሁለቱ ወይ ጠፍተዋል ወይ እጅግ አንሰዋል። ‹ትርፍ› ተብሎ የተተወው ዲ ኤን ኤ ውስጥ የተደበቀው ጂን ይኸው ነበር። የ2002 ዘገባ ጥቃቅን አር ኤን ኤዎች ከካንሰር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተያያዙበት ነው። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ መታጠፊያም ይህ ነው፤ የተገኘው ነገር አዲስ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ፈላጊዎቹ ለአሥር ዓመት አጠገቡ ቆመው ስላላዩት ነው።

በ2005 ነገሩ ፈጠነ። ክሮቼና ባልደረቦቹ ሚር-15ኤና ሚር-16-1 ‹ቢሲኤል 2› የተባለ፣ ሴል በጊዜው እንዳይሞት የሚከላከል ፕሮቲንን እንደሚገቱ አሳዩ። ልጓሙ ሲጠፋ ቢሲኤል 2 ይበዛል፤ መሞት ያለባቸው ነጭ የደም ሴሎች ይከማቻሉ። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሉኪሚያ የተፈቀደው ቬኔቶክላክስ የሚያግደው ይህንኑ ፕሮቲን ነው። በዚያው 2005 በዬል ዩኒቨርሲቲ የፍራንክ ስላክ ቡድን ያቺ የትሏ ሌት-7 በሰው ውስጥ የራስ ጂኖችን እንደምትገታ አሳየ፤ በሳንባ ካንሰር ውስጥ ሌት-7 ሲያንስ ራስ ይበዛል። የቶድ ጎለብ ቡድን ደግሞ የዕጢዎችን ማይክሮ አር ኤን ኤ ብቻ በመመልከት ዕጢው ከየትኛው አካል እንደመጣ መለየት እንደሚቻል አሳወቀ።

እስከዚህ ድረስ የተወራው ሁሉ በዕጢው ውስጥ ስለጠፋ ወይም ስለተዛባ ነገር ነው። የዘር ጥያቄ ገና አልተነካም።

ከ2005 እስከ 2009፦ የአንዲት ፊደል ክብደት

የነካው የዚያው የካሊንና የክሮቼ ጽሑፍ ነው። በ2005 ‹ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን› ላይ ባወጡት ጥናት 75 የሉኪሚያ ታማሚዎችን መረመሩ። ከእነሱ 11ዱ ማይክሮ አር ኤን ኤዎቻቸው አካባቢ የተቀየረ ፊደል ነበራቸው፤ ካንሰር በሌለባቸው 160 ሰዎች ላይ ግን ለውጡ አልታየም። በሁለቱ ታማሚዎች ላይ በሚር-16-1 አጠገብ ‹ሲ› የነበረችው ፊደል ‹ቲ› ሆናለች። ይህ ለውጥ ዕጢው ውስጥ የተፈጠረ ሳይሆን ሲወለዱ ይዘውት የመጡት ነበር፤ ሚር-16ንም ያሳንሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ በተፈጥሮ ይህን የመሰለ ሉኪሚያ የሚይዛቸው ‹ኤንዜድቢ› የተባሉ አይጦች በዚያው ጂን አጠገብ አንዲት ፊደል ተቀይራባቸው ተገኘ። ሚር-16 ወደ አይጦቹ ሴሎች ሲመለስ የሴሎቹ መባዛት ታወከ።

እነዚህ ብርቅ ለውጦች ናቸው። ቀጣዩ ጥያቄ በሚሊዮኖች ዘንድ ስለሚገኙ ተራ ልዩነቶች ነበር።

በ2008 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአልበርት ደ ላ ሻፔል ቡድን በሚር-146ኤ ላይ ያለችውን አንዲት ፊደል ተከታተለ። ከፊሉ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ‹ጂ› አለው፤ ከፊሉ ‹ሲ›። ‹ሲ› ስትሆን የታጠፈው ክር በሚገባ አይጣበቅም፤ የምትሠራው ሚር-146ኤ ታንሳለች፤ እሷ የምትገታቸው የብግነት ፕሮቲኖች ይጨምራሉ። 608 የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ታማሚዎችንና 901 ጤነኞችን ሲያነጻጽሩ፣ ከአንዱ ወላጅ ‹ጂ›፣ ከሌላው ‹ሲ› የወረሱት ሰዎች ዕድላቸው 1.62 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያልተጠበቀው ነገር ከሁለቱም ወላጆች አንድ ዓይነት ፊደል የወረሱት የተሻሉ መሆናቸው ነው። ማብራሪያው በዓመቱ መጣ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጣለው የክሩ ሌላኛው ወገንም ይሠራል፤ ሁለት ዓይነት ፊደል ያለው ሰው ታዲያ ሁለት ዓይነት ተጨማሪ ማይክሮ አር ኤን ኤ ያመርታል።

በዚያው 2008 ቻይና፣ ናንጂንግ ላይ የሆንግቢንግ ሸን ቡድን ሚር-196ኤ2 ላይ ያለች አንዲት ፊደል ከሳንባ ካንሰር ታማሚዎች የመኖር ዕድሜ ጋር እንደምትያያዝ ዘገበ። ከዚያ ወዲያ ጽሑፎች ጎረፉ። ጡት፣ ጉበት፣ ጨጓራ፣ ፕሮስቴት። አንድ አገር ላይ አደገኛ የተባለች ፊደል ሌላ አገር ላይ ምንም የማታደርግ፣ አንዳንዴም የምትከላከል ሆና ትወጣ ጀመር።

ከ2009 እስከ 2016፦ የጸናውና የፈረሰው

ልዩነቱ ማይክሮ አር ኤን ኤዎችን በሚቆርጠው በዳይሰር ላይ ሲሆን ግን ውጤቱ ጥርጥር አልነበረውም። ‹ፕሉሮፑልሞናሪ ብላስቶማ› ሕፃናትን የሚይዝ ብርቅ የሳንባ ዕጢ ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ 11 ቤተሰቦችን ተከታትለው ሁሉም ውስጥ የተወረሰ የዳይሰር ጉድለት አገኙ። መቁረጫው ሲጎድል ጥቃቅን አር ኤን ኤዎች በሙሉ ይታወካሉ። ዛሬ ‹የዳይሰር ሲንድሮም› ሐኪሞች የሚያውቁት፣ በቤተሰቡ ውስጥ ያሉ ሕፃናት ሳንባና ኩላሊት እየታየ የሚከታተሉት በሽታ ነው። የዋርቲኗ ልብስ ሰፊ ለጠየቀችው ዓይነት ጥያቄ በጥቃቅን አር ኤን ኤዎች በኩል የተሰጠ እጅግ ጥርት ያለ መልስ ይህ ነው።

የሌላው መንገድ ታሪክ ግን ያሳዝናል። ልዩነቱ ማይክሮ አር ኤን ኤዋ ላይ ሳይሆን እሷ በምትለጠፍበት መልእክት ላይም ሊሆን ይችላል። የዬሉ ቡድን በ2008 ሌት-7 በምትለጠፍበት፣ ከራስ ጂኖች አንዱ በሆነው በ‹ኬራስ› መልእክት ጅራት ላይ ‹ቲ› ወደ ‹ጂ› የተቀየረችበትን ቦታ አገኘ። በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል ተባለ። በ2010 ደግሞ ከአራት የማህፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ታማሚዎች አንዷ በላይ ይዛዋለች ተባለ። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ከትሏ ተነሥቶ እስከ ሰው ዕጢ ድረስ ይገጥማል። ብዙም ሳይቆይ የደም ወይም የምራቅ ምርመራ ሆኖ ለሴቶች ይሸጥ ጀመር። ምርመራው ‹አለብሽ› ያላት ሴት ጤነኛ የማህፀን እንቁላል ዕጢዎቿን ለማስወጣት ልትወስን ትችላለች።

ሦስት ዓለም አቀፍ ማኅበራት መረጃቸውን ሰብስበው የ140,012 ሴቶችን ዲ ኤን ኤ በአንድ ላይ መረመሩ። ውጤቱ ሲወጣ ፊደሏ በማህፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ላይ፣ በጡት ካንሰር ላይ፣ ‹ብራካ› በተባሉት ጂኖች ላይ የተወረሰ ጉድለት ባላቸው ሴቶችም ላይ ለውጥ አላመጣችም። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ብቻ የያዙ ነበሩ። የሚር-146ኤ እና የታይሮይድ ግንኙነትም በብሪታንያ ታማሚዎች ላይ ሲፈተሽ አልተደገመም።

ሕክምናውም ተሰናከለ። ፒ53 ራሱ ሚር-34 የተባለችውን ማይክሮ አር ኤን ኤ እንደሚቀሰቅስ በ2007 ስለታወቀ፣ በሰው ሠራሽ መንገድ የተሠራች ሚር-34 ለካንሰር ታማሚዎች እንድትሰጥ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። በ2016 በታማሚዎቹ ላይ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት በመድረሱ ሙከራው ቆመ።

ከ1996 እስከ 2019፦ ያልተቆጠረው ሕዝብ

ቀደም ሲል ለተጠቀሰው መለያየት፣ አንዲት ፊደል አንድ አገር ላይ አደገኛ፣ ሌላ አገር ላይ ደህና ለመሆኗ፣ አንዱ ምክንያት በአሃዝ ሊታይ ይችላል። የሚር-146ኤ ‹ሲ› በምሥራቅ እስያ ከክሮሞዞሞች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ትገኛለች፤ በኤውሮፓ ግን ሩብ ገደማ ላይ ብቻ። ጎረቤቶቿ የሆኑት ፊደላትም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያሉ። ናንጂንግ ላይ የተሰላ አደጋ ለሐረር ታማሚ እንዲሁ አይሠራም።

ኢትዮጵያውያን ይህን ከካንሰር ጥናት በፊት በመድኃኒት ጥናት አይተውታል። በ1996 ስዊድን በሚገኘው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ የ122 ኢትዮጵያውያንን ‹ሲፕ2ዲ6› የተባለ፣ መድኃኒት የሚፈጭ ጂን መረመሩ። 29 በመቶው ይህ ጂን ከመደበኛው ቁጥር በላይ ሆኖ ተገኘባቸው፤ በስዊድናውያን ዘንድ ግን ብርቅ ነው። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፌን ወደሚሠራ መልክ የሚለውጠው ይኸው ጂን ነው።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ዲ ኤን ኤው መነበብ ጀመረ። በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው በቀለ ጋር፣ የአሥር ኢትዮጵያውያን ሕዝቦችን የዘረመል ልዩነት አሳተሙ፤ በ2015 ደግሞ የ125 ኢትዮጵያውያን ሙሉ ጂኖም ተነበበ። በዚያው ዓመት የተጠናቀቀው፣ ዓለም ሁሉ እንደ መመዘኛ የሚጠቀምበት ‹የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት› 2,504 ሰዎችን ከ26 ሕዝቦች ይዞ ነበር። ከኢትዮጵያ የተወሰደ አንድም ሕዝብ በውስጡ የለም። አንድ ተመራማሪ ‹ይህች የማይክሮ አር ኤን ኤ ፊደል በአፍሪካ ስንት እጅ ናት?› ብሎ መዝገቡን ቢከፍት የሚያገኘው የናይጄሪያን፣ የጋምቢያን፣ የሴራሊዮንንና የኬንያን፣ ከዚህም ሌላ በአሜሪካና በካሪቢያን የሚኖሩ ጥቁሮችን ነው።

‹አፍሪካ› አንድ እንዳልሆነ የጡት ካንሰር በግልጽ አሳይቷል። በ2016 የወጣ የሊሳ ኒውማን ቡድን ጥናት፣ አዲስ አበባ ከሚገኘው ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋር በመተባበር፣ ‹ትሪፕል ኔጋቲቭ› የተባለውን አስቸጋሪ የጡት ካንሰር ዓይነት አነጻጸረ። በጋና ታማሚዎች ከግማሽ በላይ ነበር፤ በጥቁር አሜሪካውያን 30 በመቶ ገደማ፤ በኢትዮጵያውያን 15 በመቶ፤ ይህም ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የሚስተካከል ነው። በ2019 ቡድኑ ልዩነቱን ከአንድ የተወረሰ ጂን ጋር አያያዘው፤ ምዕራብ አፍሪካውያንን ከቪቫክስ ወባ የሚጠብቀው ‹ደፊ ነል› በጋና ሁሉም ዘንድ ሊባል በሚችል ደረጃ ሲገኝ በኢትዮጵያ ግን ድብልቅ ነው። ይህ የጥቃቅን አር ኤን ኤ ጂን አይደለም፤ ግን የአንድን ሕዝብ የተወረሰ ፊደል ሳይቆጥሩ ስለ ካንሰሩ መናገር እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሕክምናውም በዚሁ ዘመን ቀስ እያለ ነው የተስፋፋው። ለሁለት አሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከሐረር የተነሣ ታማሚ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ ይይዝ ነበር። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የተጀመረው በ2011 ነው። መንግሥት ሕክምናውን ወደ ክልሎች ለማውረድ ከመረጣቸው ማዕከላት አንዱ በሐረር የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕይወት ፋና ሆስፒታል ሲሆን፣ ከሐረርጌ፣ ከድሬዳዋና ከሶማሌ ክልል የሚመጡ ታማሚዎችን ይቀበላል።

ከ2024 ወዲህ፦ በሰም ውስጥ ያለው ናሙና

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለቪክተር አምብሮስና ለጌሪ ራቭከን እንደሚሰጥ ታወጀ። በሰው ውስጥ የተመዘገቡት የማይክሮ አር ኤን ኤ ጂኖች በዚያን ጊዜ 1,917 ደርሰው ነበር። ለካንሰር የተፈቀደ የማይክሮ አር ኤን ኤ መድኃኒት ግን አንድም አልነበረም።

ለኢትዮጵያ ጠቃሚ የሆነ አንድ ባሕርይ ጥቃቅን አር ኤን ኤዎቹ ራሳቸው አላቸው። ዕጢ ሲወጣ በፎርማሊን ተነክሮ በሰም ውስጥ ይታሸግና በፓቶሎጂ ክፍሎች መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ረጃጅም የአር ኤን ኤ መልእክቶች በሰሙ ውስጥ ይበጣጠሳሉ፤ 22 ፊደሏ ግን አጭር ስለሆነች ከዓመታት በኋላም ደህና ሆና ትገኛለች። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ሕይወት ፋና ከመሳሰሉት ሆስፒታሎች የሚወጣ የሰም ቁራጭ ዕጢው ውስጥ የትኛዋ ማይክሮ አር ኤን ኤ እንዳነሰ፣ የትኛዋ እንደበዛች ሊናገር ይችላል። ቁራጩን ለማንበብ አዲስ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም።

የተወረሰውን ፊደል ለማወቅ ግን የሰሙ ቁራጭ ብቻውን አይበቃም። ዕጢ ውስጥ ያለች የተቀየረች ፊደል በዘር የመጣች ትሁን በሽታው ራሱ የፈጠራት ለመለየት ከታማሚዋ ደም ወይም ምራቅ መውሰድ ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ በዕድሜና በትውልድ አካባቢ የሚመሳሰሏት ጤነኛ ሴቶች ይፈለጋሉ። እንደ ሚር-146ኤ ያለች መጠነኛ ጉልበት ያላት ፊደል ከሆነች በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጤነኞች ይጠይቃል፤ በጥቂት መቶዎች ከተጀመረ የኬራሱን ምርመራ ወደ ገበያ ያስገባው ዓይነት ስሕተት ይከተላል። ሐረሪውን፣ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውንና አማራውን በአንድ መዝገብ ቀላቅሎ ከመቁጠር ይልቅ እያንዳንዱን ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የፊደሎቹ ድርሻ በአንድ ከተማ ውስጥ ሳይቀር ሊለያይ ይችላልና።